አንዴ አለሁ፣ አንዴ ዝም

በሽተኛ ሲያገላብጥ ያደረ ሰው ሰኞ ጠዋት ደረጃ ሲወጣ ያስታውቃል። ሴትየዋ ሦስተኛ ፎቅ እስክትደርስ ሁለቴ ቆማ የደረጃውን ብረት ያዘች። እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ራሳቸው መገላበጥ ስለማይችሉ በየሦስት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን የሚያዞራቸው ሰው ያስፈልጋል። ቀን ቀን ጎረቤት ትቀመጥላቸዋለች፤ ሌሊቱ ግን የሴትየዋ ነው። ታላቅ እህቷ ሌላ ከተማ ሆና በስልክ ታስታምማለች። ትራሱን ከጉልበታቸው ሥር አደረግሽላቸው ወይ፣ ወተቱን ጠጡ ወይ፣ ጀርባቸው ቆሰለ ወይ እያለች በቀን ሦስቴ ትጠይቃለች። በስልክ ማገላበጥ ቢቻል ኖሮ እናታቸው እስካሁን ተነስተው በሮጡ ነበር።

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። እመት ገመድ ነው የሚሏት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሥራ የጀመረች ዕለት አንድ ጥቅል የኔትወርክ ኬብል እንደ ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ኮሪደሩን ስታቋርጥ ታይታ የወጣላት ስም ነው። ስም አውጪዎቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ ስሙ ግን እሷው ላይ ቀርቷል።

የምትሠራው በአንድ የመድኃኒት መረጃ ማዕከል ውስጥ ነው። የከተማው ፋርማሲዎች በየጠዋቱ መደርደሪያቸው ላይ ያለውን መድኃኒት ማዕከሉ ድረ ገጽ ላይ ይመዘግባሉ። መድኃኒት የጠፋበት ሰው ደግሞ ስሙን ጽፎ የት እንደሚገኝ ያያል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ግን ይህ ነገር ከመጣ ወዲህ ማዘዣ ይዞ ከሰፈር ሰፈር የሚንከራተት ሰው ቀንሷል። ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ሰርቨር ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ነው። ማለትም ለብቻው የቆመ ዕቃ አይደለም፤ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ሆዱ ውስጥ ብዙ ኮምፒውተሮች ያኖራል፣ እነሱም በአንድ ግቢ እንዳሉ ተከራዮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በርና አድራሻ አላቸው። የግቢው ጠባቂ እመት ገመድ ናት።

ቦርሳዋን ገና ሳታስቀምጥ ስልክ ተቀባይዋ ደረሰችባት። ስልክ ተቀባይዋ ድምጿ እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ክፉ ወሬ እንኳ ስታወራ የምሥራች ይመስላል። ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ አሥራ አንድ ሰው መደወሉንና ሁሉም ድረ ገጹ አልከፈት አለን ማለታቸውን ነገረቻት። እመት ገመድ፣ ጭራሽ አልከፈት ያለው ወይስ አንዳንዴ ነው ብላ ጠየቀቻት። አንዳንዴ ነው፤ ከፍቶ ይዘጋባቸዋል አለች።

እመት ገመድ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። የሞተ ነገር ይሻላል፤ የሞተ ከሞተበት አይነቃነቅም። ሞቶ ሞቶ የሚነሳ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሲያንከራትት ይውላል።

ፒንግ የምትባል ትንሽ ትእዛዝ አለች። ሥራዋ በኔትወርኩ ላይ ወዳለ አንድ ማሽን ሄዳ «አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ማሽኑ ደህና ከሆነ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። እመት ገመድ ሰርቨሩን ጠየቀችው። አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ አለ፤ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል። ከዚያ ዝም። እሷ የዓይኗን ቆብ በሁለት ጣቷ እያሸች ስትጠብቅ ቆይታ፣ ተስፋ ቆርጣ ልታቋርጠው ስትል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እንደገና አለሁ ማለት ጀመረ።

ልማዷ ከቅርብ ጀምሮ ወደ ሩቅ መሄድ ነው። በትልቁ ኮምፒውተር በኩል ገብታ የሰርቨሩን የራሱን መስኮት ከፈተች። የኔትወርክ ካርዱ ሥራ ላይ ነው። አድራሻው የተሰጠው አድራሻ ነው። ራሱን ስትጠይቀው ሳያመነታ መለሰ። ወደ ውጭ የሚወጣበትን መንገድ አየች፤ ትክክል ነው። ድረ ገጹን የሚያቀርበው ፕሮግራም በሩን ከፍቶ እንግዳ ይጠብቃል። ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚወስነው ፋየርዎል ካለፈው ወር ወዲህ አልተነካም። ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ያው ግን የሰው ስልክ ይጮሃል። ሐኪም ቤት ሄዶ ምንም የለብህም እንደተባለ በሽተኛ ዓይነት ሰርቨር ነበር የገጠማት።

ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሳችው። ድረ ገጹ ወዲያው ተከፈተ፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳይቆራረጥ ሠራ። ለስልክ ተቀባይዋ ተስተካክሏል በያቸው አለቻት። ስልክ ተቀባይዋ በዚያ በለስላሳ ድምጿ አራት ሰው የምሥራቹን እስክትነግር ድረስ ነገሩ ሁሉ ወደ ጥንቱ ተመለሰ።

ከዚያ መሰላል ተሸክማ ሰርቨር ክፍል ገባች። ክፍሉ ጠባብና ቀዝቃዛ ነው፤ ማራገቢያው ስለሚያጓራ ሰው ሲጠራት አትሰማም፤ በሌላ ቀን ይህን ትወድለት ነበር። ኬብሉን ቀየረች። ኬብሎቹ ሁሉ በሚገናኙበት ስዊች ላይ ሌላ ቀዳዳ መርጣ ሰካችው። ወርዳ አየች፤ ሠራ። ደስ ሳይላት ጠፋ። ወጣች፣ ሌላ ኬብል ሰካች፣ ወረደች፣ አየች። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ሦስተኛው ላይ መሰላሉ ጫፍ እንደቆመች ግንባሯን የብረት ሳጥኑ ላይ አስደግፋ ለአፍታ እንቅልፍ ወሰዳት። ብረቱ ስለቀዘቀዘ ነቃች።

ሥራ አስኪያጇ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እኚህ ሴት ቁጥብ ናቸው፤ ሲቆጡም ሲያመሰግኑም ድምፃቸው ያው ነው። የበላይ ቢሮ ሁለቴ እንደደወለና ምን ብለው እንደሚመልሱ ግራ እንደገባቸው ተናገሩ። ምንድን ነው ችግሩ አሏት።

እመት ገመድ ምን እንደሆነ አታውቅም። አላውቅም ብትል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ለሌላ ጥያቄ የሚሆን አቅም አልነበራትም። አፏ ላይ ቀድሞ የመጣውን ተናገረች።

«እሁድ ጋሽ ፊውዝ መብራት አጥፍተው ካበሩ ወዲህ ነው። ስዊቹ ተመትቶ ይሆናል።»

ጋሽ ፊውዝ የመሥሪያ ቤቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። እሁድ ዕለት መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹን የሚያቆዩትን ያረጁ ባትሪዎች ሊቀይሩ መጥተው ሁሉንም ነገር አጥፍተው አብርተዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሥራ አስኪያጇ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓምና ተበላሽቶ በቀረው ሊፍት ጉዳይ እኚሁ ሰው በቃል ተነግሯቸው ነበር፤ አሁን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ካልሆነ አይሆንም አሉና ወደ ቢሮአቸው ሄዱ። ጋሽ ፊውዝ ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። እመት ገመድ ይህንንም ታውቃለች። መሰላሉ ላይ እንደቆመች አንድ ነገር ልትል አሰበች፤ ሥራ አስኪያጇ ግን ኮሪደሩን አልፈው ነበር፤ እሷም መሰላል የመውረድ ጉልበት አጣች።

አምስት ሰዓት ገደማ ሰው ይፈልግሻል ተባለች። ወደ ማዕከሉ ሰው አይመጣም፤ ሥራው ሁሉ በስልክና በድረ ገጽ ነው። እንግዳው ግን መጥተዋል፤ ጥበቃውን አሳምነው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ የስልክ ተቀባይዋ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የኮታቸው ደረት ላይ ክር የገባባቸው ሁለት መርፌዎች ተሰክተዋል፤ ረስተዋቸው ነው የወጡት።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩን የምትሠሪው አንቺ ነሽ አሉኝ» አሏት።

እሷም አዎ አለችና እስኪስተካከል እንዲታገሱ ልትነግራቸው ስትል፣ ልብስ ሰፊው ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ታሪካቸውን የተናገሩት ሳያማርሩ ነው፤ ልክ ደንበኛ ስለሰጣቸው ሱሪ እንደሚያወሩ። ሴት ልጃቸው የሚጥል በሽታ አለባት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ክኒኑን እስከወሰደች ድረስ ደህና ናት፤ አጠገባቸው ሆና ቁልፍ ትተክላለች። ባለፈው ዓመት መድኃኒቱ ጠፍቶ ሁለት ቀን ሳትወስድ ስትቀር ምድጃው ላይ ወድቃ እጇ ተቃጥሏል። አሁን ለነገ ጠዋት የሚሆን አንድ ፍሬ ብቻ ቀርቷታል። ዛሬ ጠዋት ጎረቤታቸው በስልኳ ይህን ድረ ገጽ ከፍታ አየችላቸውና የክኒኑንና የፋርማሲውን ስም በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። ሁለት ታክሲ ይዘው፣ ቀሪውን በእግራቸው ሄደው ቦታው ሲደርሱ ፋርማሲ የሚባል ነገር የለም።

«ጫማ ነው የሚሸጠው» አሉ። «ጥሩ ጫማ ነው፤ ለልጄ ግን ክኒን ነው የምፈልገው።»

እመት ገመድ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ያለው ፋርማሲ ነው። አንብባ ልትመልስላቸው እጇን ዘርግታ እንደገና ወደ ራሷ ሳበችው። ይህ ፋርማሲ ከተዘጋ አምስት ወር ሆኖታል። ከዝርዝሩ የሰረዘችው ራሷ ናት፤ ባለቤቱ ደውሎ ሲሰናበታት እንኳ ታስታውሳለች።

«ጎረቤትዎ ዛሬ ነው ያየችው? ድሮ የጻፈችው ወረቀት ይሆን?»

«ዛሬ ነው እንጂ፤ አጠገቧ ቆሜ። እኔ ነኝ እስክሪብቶውን ያቀበልኳት።»

እንግዲህ እሷ ስትታገለው የዋለችው ሰርቨር ይህን ፋርማሲ ሊያሳይ አይችልም፤ ከሆዱ ወጥቷል። ሰርቨሩ ካላሳየ ደግሞ ያሳየ ሌላ አለ ማለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑ ለምን ዝም ይላል ብላ ስትጠይቅ ነበር የዋለችው። እየመለሰ ያለው ማን ነው ብላ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም።

ልብስ ሰፊውን ይቀመጡ ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ሲሠራ ጀምሮ የተሰጠው የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ አድራሻ ቢቀያየር እሱ አይቀየርም። ኮምፒውተሯን፣ ይህ አድራሻ የየትኛው ካርድ ነው ብላ ጠየቀችው። አንድ ቁጥር ሰጣት፤ የሰርቨሩ ነው። ወረቀት ላይ ጻፈችው። ትንሽ ጠብቃ ደግማ ጠየቀች። ሌላ ቁጥር ሰጣት።

አንድ አድራሻ፣ ሁለት ማሽን። ስዊቹ አንዴ ለዚያኛው አንዴ ለዚህኛው እየወሰደ፣ የሰውን ጥያቄ አዳራሽ ውስጥ በተሳሳተ በር እንደሚያስገባ ዘበኛ ሲያደናግር ነበር የዋለው።

በትልቁ ኮምፒውተር ላይ የሚኖሩትን ማሽኖች ዝርዝር ከፈተች። ዘወትር የምታየው ከላይ ያሉትን አራት አምስቱን ነው። አሁን ወደ ታች ወረደች። ግርጌው ላይ፣ ከማይሠሩትና ከተረሱት መሐል፣ አረንጓዴ ምልክት የበራበት አንድ አለ። ስሙ የሰርቨሩ ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ «ቅጂ» የሚል ተጨምሮበታል። ከሥሩ ማስታወሻ አለ፦ «ከእድሳቱ በፊት ለጥንቃቄ የተያዘ። ሳምንት ቆይቶ ይሰረዝ።» የጻፈችው እሷ ናት። ቀኑንም አየች። እናቷ የወደቁበት ሳምንት ነበር።

ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ተገለጠላት፤ ብትችል ባይገለጥላት በመረጠች። ያኔ እድሳቱ ቢበላሽ መመለሻ እንዲሆናት ሰርቨሩን ከነአድራሻው ገልብጣ አስቀመጠችው። ቅጂው ጠፍቶ ስለተቀመጠ ማንንም አልጎዳም። በሦስተኛው ቀን ግን ጎረቤት ደውላ እናትሽ ወድቀዋል ስትላት ኮምፒውተሯን እንኳ ሳትዘጋ ነው የወጣችው፤ ከዚያ በኋላ ቅጂ የሚባል ነገር ከጭንቅላቷ ወጣ። ቅጂው ግን ከዋናው ጋር አብሮ የገለበጠው አንድ ነገር ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራስህ ተነስ የሚለውን ትእዛዝ። እሁድ ጋሽ ፊውዝ መብራቱን ሲመልሱ ሁሉም ማሽን ተነሳ፤ ስድስት ወር የተኛውም አብሮ ተነሳ። እሳቸው የሠሩት ሥራቸውን ብቻ ነው። እሷ ግን አህያውን ትታ ዳውላውን ስትደበድብ ነበር።

ቅጂውን መረጠች። «ሰርዝ» የሚለውን ስትጫን ማሽኑ በእርግጥ ይሰረዝ ወይ ብሎ ጠየቃት።

አዎ ብትል በቃ። ድረ ገጹ ይስተካከላል፤ ስዊቹን ቀየርኩት ብትል የሚጠራጠራት የለም፤ ደብዳቤውም ወደ ጋሽ ፊውዝ ይሄዳል። የሚመሰክር አንድም ነገር አይቀርም። ጣቷን አሳርፋ ቆየች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያቆማት ደግነት አይደለም። ያቆማት የሥራ ልምድ ነው። ዛሬ ጠዋት ድረ ገጹ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ሲወድቅ፣ ያለንን መድኃኒት ይኸው ብለው የመዘገቡት ፋርማሲዎች ግማሾቹ የመዘገቡት እዚህ ቅጂው ውስጥ ነው። ከሰረዘችው አብሮ ይጠፋል።

«አይ» ብላ ጥያቄውን ዘጋችው። ቅጂውን ሳታጠፋ ከኔትወርኩ ብቻ ለየችው፤ ይህ በቨርቹዋል ማሽን ዓለም ገመዱን ከግድግዳ እንደ መንቀል ነው። ሰርቨሩ ለፒንግ አለሁ ማለት ጀመረ። ሃያ፣ አርባ፣ መቶ። አላቋረጠም። ይህን ጊዜ መደሰት ነበረባት፤ እሷ ግን ወንበሯ ላይ ትንሽ ዝቅ ከማለት ሌላ ምንም አላደረገችም።

ከዚያ የቅጂውን መዝገብ ከፈተች። ከጠዋቱ ጀምሮ አርባ አንድ ምዝገባ ገብቶበታል። የልብስ ሰፊውን ክኒን ስም ጽፋ ፈለገች። ቀድማ ዋናው ሰርቨር ውስጥ ፈልጋ አጥታው ነበር፤ በመላ ከተማው የለም ነበር የሚለው። ቅጂው ውስጥ ግን አንድ ቦታ ተገኘ። ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ያለች ትንሽ ፋርማሲ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ፣ አምስት ፓኬት አለኝ ብላ መዝግባለች። ስልኩን አንስታ ደወለች። ፋርማሲስቷ መኖሩን አረጋገጠችላት፤ ሁለቱ ተሽጦ ሦስት ቀርቷል። ሁለቱን ለአንድ ሽማግሌ አስቀምጪልኝ፣ ኮታቸው ላይ መርፌ የሰኩ ናቸው አለቻት።

ወረቀቱን ገልብጣ አድራሻውን በትልልቅ ፊደል ጽፋ ለልብስ ሰፊው ሰጠቻቸው። ደውላ ማረጋገጧንም ነገረቻቸው። ልብስ ሰፊው አንብበው አጠፉት። ለመነሳት ወንበሩን ደገፍ ሲሉ አዩዋትና፣ «ልጄ፣ አንቺም ቤት በሽተኛ አለ መሰለኝ» አሉ።

«እናቴ።»

«ያስታውቃል» አሉና ደረጃውን ወረዱ።

እመት ገመድ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሄደች። ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተራቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ድረ ገጹ መስተካከሉን ነገረቻቸው። እሰይ አሉና እጃቸውን ከቁልፎቹ ሳያነሱ፣ ስዊቹ መመታቱን በአንድ መስመር ጻፊልኝ፣ ደብዳቤው ላይ አያይዘዋለሁ አሏት።

«ስዊቹ አልተመታም» አለች። «ጋሽ ፊውዝም ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቆማ ተናገረች። ቅጂውን፣ ማስታወሻውን፣ የተረሳበትን ሳምንት፣ ሰዎች ዛሬ ጠዋት የስድስት ወር አሮጌ ዝርዝር ማየታቸውን፣ አንድ አባት የጫማ ሱቅ ድረስ መሄዳቸውን። እናቷን ሰበብ እንዳታደርግ ተጠንቅቃ ነበር፤ ሥራ አስኪያጇ ግን ቀኑን ሰምተው ራሳቸው አስታወሱ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሰርዘሽው ቢሆን ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»



«ደክሞኛል እትዬ። በዚህ ላይ ደግሞ ጋሽ ፊውዝን እያየሁ ሰባት ወር የምሸከመው ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ሥራ አስኪያጇ ወደ ደብዳቤው ተመለከቱ። ተጽፎ አልቆ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው። የበላይ ቢሮ ማብራሪያ እንደጠየቀና ያለ ደብዳቤ ነገሩ እንደማይዘጋ በዚያው ድምፃቸው አስረዱ። ከዚያ የጋሽ ፊውዝን ስም አጥፍተው የእሷን ጻፉ። ፊት ለፊቷ ነው የጻፉት። ሲጨርሱ አትመው አስፈረሟትና፣ ነገ ጠዋት አርፍደሽ ግቢ አሉ። የነገው ፈቃድ እንደ ቅጣቱ ሁሉ ያለ ፈገግታ የተሰጠ ነበር።

ከሰዓት በኋላውን ከስልክ ተቀባይዋ ጋር ተቀምጠው አርባ አንዱን ምዝገባ አንድ በአንድ ወደ ዋናው ሰርቨር መለሱ። መገልበጥ ብቻ አይበቃም፤ ከጠዋት ወዲህ የተሸጠ ስለሚኖር ለያንዳንዱ ፋርማሲ መደወል ነበረባቸው። ስልክ ተቀባይዋ ትደውላለች፣ እመት ገመድ ትመዘግባለች። አንዱ ፋርማሲስት ተቆጣ፤ ሌላው ምሳ ላይ ነኝ አለ፤ አንዷ ደግሞ ድምፅሽ እንዴት ደስ ይላል ብላ ስልክ ተቀባይዋን አሥር ደቂቃ አስወራቻት። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ እመት ገመድ አንድ ስም ሦስት ጊዜ መዝግባ ተገኘች፤ ተቀያየሩ። ሥራው መሐል ላይ ልብስ ሰፊው ከፋርማሲው ስልክ ደወሉ። ሁለቱንም ፓኬት ወስደዋል። ለኮምፒውተሯ ልጅ ንገሩልኝ፣ ቁልፍ የላላበት ልብስ ካላት ታምጣ ብለዋል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመት ገመድ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ጋሽ ፊውዝ የወጡትን አሮጌ ባትሪዎች በጨርቅ እየጠረጉ በተራ እየደረደሩ ነበር፤ ለሚጣል ነገር እንኳ ይጠነቀቃሉ። ስለ ደብዳቤው ሰምተዋል። በዚህ መሥሪያ ቤት ወሬ ከመብራት ይፈጥናል። የተጻፈባቸውም፣ የተነሳላቸውም፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ደርሷቸዋል።

«ጋሼ፣ ጠዋት ስምዎን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለቻቸው። «ሳላጣራ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ፊውዝ የያዙትን ባትሪ ከሌሎቹ ጎን አስቀምጠው ቀና አሉ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ መብራት ሲጠፋም ሲመጣም የምሰደበው እኔ ነኝ። ለምጄዋለሁ።» ጨርቁን አጥፈው እጃቸው ላይ ያዙት። «ካንቺ ግን አልጠበቅሁም ነበር። አንቺ ነገር ሳትለኪ አትናገሪም ብዬ ነው የማውቅሽ።»

ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። ባትሪዎቹን ላግዝዎት አለቻቸው፤ አይ፣ ወገብሽን ለእናትሽ አቆይው አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ክፋት የለበትም ድምፃቸው፤ ግን ጀርባቸውን አዙረው ነው ያሉት። እሷም ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጠች ተኛች፤ ትኬት ቆራጩ ነው ፌርማታዋ ላይ የቀሰቀሳት፤ ያውቃታል።

ቅጂውን የሰረዘችው ሐሙስ ነው፤ አርባ አንዱም ምዝገባ በሚገባ መመለሱን ሁለት ጊዜ ካጣራች በኋላ። ዝርዝሩ ግርጌ ላይ የተረሱ ሌሎች አራት ማሽኖች አገኘች፤ ሁለቱ የራሷ፣ ሁለቱ ከእሷ በፊት የነበረው ሰው የተዋቸው። እነሱንም አንድ በአንድ መርምራ ሰረዘች። ማስጠንቀቂያው ከማኅደሯ ጋር ተቀመጠ። የበላይ ቢሮ ተቀብሎ ነገሩን ዘጋው፤ ሁለተኛ የጠየቃት የለም።

የጋሽ ፊውዝ ነገር ግን እንዲህ ቶሎ አልተዘጋም። ሁለት ሳምንት ያህል ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ራሳቸውን ነቅነቅ በማድረግ ብቻ ሰላም እያሏት ያልፉ ነበር፤ ድሮ ቆመው የእናቷን ጤና ሳይጠይቁ አያልፉም። እሷም አላስጨነቀቻቸውም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከምድር ቤት ስልክ ተደወለላት። ጋሽ ፊውዝ ናቸው። አንደኛው አዲስ ባትሪ የሚያሳየው ቁጥር አላማረኝም፤ መለኪያሽን ይዘሽ ብቅ ብትይ አሉ። ቀጥለውም፣ እናትሽስ እንዴት ናቸው ብለው ጠየቋት።

ያው ናቸው፣ እግዜር ይመስገን አለቻቸውና መለኪያዋን ይዛ ወረደች።